የጆሮዬ ጡረታ

ሠላሳ ሁለት ዓመት ጆሮዬ የሰው ነበር፤
ከለገሃር ስልክ ቤት፣ ከዚያች ጠባብ ወንበር፣
ገመድ ከገመድ ጋር ሳገናኝ፣ ስፈታ፣
ጠዋቱን ስሸኘው፣ ስቀበለው ማታ፣
የሚኤሶን ጩኸት፣ ያይሻን አቤቱታ፣
የአዋሽን "ሃሎ! ሃሎ!"፣ ያዲስ አበባን ቁጣ
በዚህ አስገብቼ በዚያኛው እስኪወጣ።
"የሌሊቱ ባቡር አይሻን አላለፈ፣"
"ለልጅቷ ንገሯት፣ አባቷ ዐረፈ፣"
"ሃሎ፣ ትሰሚያለሽ?"
እሰማለሁ። እሰማለሁ። እሰማለሁ አልኩኝ፤
ከዚያ በቀር ሌላ ቃል ያለኝ አልመሰለኝ።
ባሌ፣ ነፍሱን ይማር፣ ሲያጫውተኝ በራት፣
"ማንን ላገናኝዎ?" አልኩት አንድ ሌሊት።

አሁን ከዚራ ነኝ፣ ከትንሽዬ ግቢ፤
አንዲት ኒም፣ አንዲት ሎሚ፤ ከልካይ የለ፣ አስገቢ።
ጡረታዬ በወር ሃያ ቀን ያደርሰኛል፤
ለቀሪው አሥር ቀን ዝምታው ይበቃኛል።

የሰባት ሰዓት ፀሐይ ቆርቆሮ ሲያንጣጣ፣
ድሬ በሯን ዘግታ፣ ሰው ከጥላ ሳይወጣ፣
ባለጋሪው ከነፈረሱ ቆሞ ሲያንቀላፋ፣
ሱቀኛው የሩዝ ጆንያ ተደግፎ ሲያንኮራፋ፣
ዝምታ ይመጣል፣ ጫማውን ደጅ አውልቆ፣
ከምንጣፌ ጫፍ ላይ ይቀመጣል ተጠንቅቆ።

ባዶ እንዳይመስላችሁ፤ ዝምታ ብዙ ነው፤
የኒም ፍሬ ሲወድቅ ቆርቆሮው የሚለው፣
የውሃው በርሜል ሲሞቅ ሆዱ የሚያጉረመርመው፣
የገዛ ትንፋሼ
ሲወጣ ሲገባ፣ ለካ እሱም ድምፅ አለው!
ፓፓያ እቆርጣለሁ፤ ፍሬውን በማንኪያ
እጠርጋለሁ ቀስ ብዬ፤ የለብኝም ጥድፊያ።

ልጄ ምንተስኖት ከአዳማ ይደውላል፤
"እማዬ፣ ለብቻሽ እንዴት ይቻላል?
እኛ ጋ ልጆች አሉ፣ ቴሌቪዥን፣ ጨዋታ፤"
"እሺ፣ እሺ" እልና እዘጋለሁ በፈገግታ።
ኢፍቱም በአጥር በኩል ሳምቡሳ ስትሰጠኝ
"ውይ አቦ፣ ብቸኛዋ!" ትላለች፣ እያዘነችልኝ።
ሳምቡሳውን ወሰድኩ፤ ኀዘኑን ተውኩላት፤
ሣህኑ ባዶ አይመለስ፣ ሎሚ ሞላሁላት።

ባለፈው ነሐሴ፣ ሙቀቱ ሲያስጨንቅ፣
አልጋዬን አውጥቼ ንፋስ ስጠብቅ፣
በድሬ ሰማይ ላይ ደመና እንኳ የለም፤
ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣ ውሻም አይጮህም።
ከዝምታው ሥር ግን፣ ከታች፣ ከመሠረት፣
እንደ ጭነት ባቡር፣ እንደሚመጣ ከርቀት፣
የማውቀው ጉርምርምታ፣ ሐዲድ የሌለበት።

ደቻቱ!
ደንገጎ ላይ ዘንቦ፣ ተራራው አፍስሶት
ደረቁን አሸዋ ሊውጠው ነው በሌሊት።

ሮጥኩኝ። ነጠላ ጫማዬ አንዱ መንገድ ቀረ።
የሮጥኩት ጉልበቴ የማን ጉልበት ነበረ?
አሸዋው ላይ ተኝተው ሦስት ሐብሐብ ሻጮች፣
ከሸራ ሥር ገብተው፣ ጢም ያላወጡ ልጆች።
"ተነሡ! ውሃ መጣ!" "የታል? የምን ዝናብ?"
"ሃሎ! ትሰማላችሁ?" አልኩ፤ ጎተትኳቸው ከሐብሐብ።
የድሮዋ ድምፄ፣ ያቺ የስልክ ቤቷ፣
ለካ አልሞተችም፣ ጡረታ ነው መውጣቷ።
ዳገቱን ሳንጨርስ ደቻቱ ደረሰ፣
ሐብሐቡን ጠቅልሎ፣ ግንድ እያተራመሰ።

በማግስቱ ሰፈሩ ግቢዬን ሞላው፤
ምርቃቱ፣ ወሬው፣ "አንቺ፣ እንዴት ሰማሽው?"
ሦስት ቀን ተቀበልኩ፤ ሻይ አፈላሁ፣ ሣቅሁ፤
ባራተኛው ቀን ግን በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁ።
ለኢፍቱ ነገርኳት፣ እንዳይከፋት ብዬ፣
"አቦ፣ ዛሬስ ይቅር፤ ሥራ አለኝ፣ እህትዬ።"
"ምን ሥራ?" አለችና እየሣቀች ተመለሰች።

አንዲት የኒም ፍሬ ቆርቆሮው ላይ ደረሰች።

"እሰማለሁ፣" አልኳት።